ሽማግሌዎቹ ለየብቻ የነገሩን

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ አስቴር፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ገብቶ እስከ ጓዳሽ ይድረስልኝ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበር፤ የሰጡሽ ቅባት ረዳሽ ወይስ እንዲያው ቆዳሽን አቃጠለው? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ራሱ የዘንድሮው መጋቢት በሙቀት ጨክኖብናል፤ ድሬዳዋ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው ይጨንቀኛል። ጋሽ ፀሐዩ እንዴት ነው? ዓይኑን ታየ? አቢ ፈተናውን ጨረሰ? ሊዲያስ ያ ሳል ተዋት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። የግራ እጄም ጄሶው ከወጣ ወዲህ ጣቶቹ ይታጠፋሉ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ይደርቁብኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንደኛውን ጊዜ ገና ሃሎ ሳልል «እንኳን ታረቃችሁ!» አልሽኝና እኔም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብዬ ዘጋሁ። ሌላውን ጊዜ አለቀስሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፈው አልኩ። ሽማግሌው ጋሽ ወልደገብርኤል ደውለው የነገሩሽን እርቅ ለጊዜው አትቀበዪውም፣ አትካጂውም። ውሸት ነው ልልሽ አልችልም። እውነት ነው ልልሽም አልችልም። ግራ ገብቶኛል።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ሁሉም የነገረሽ የየራሱን ቁራጭ ነውና። የወንድማችን የቀናው ሕመም፣ ያ የሌለ ድምፅ የሚያሰማው፣ አዲስ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። መድኃኒቱን እየወሰደ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ነበር። ብየዳ ቤት ገብቶ በርና መስኮት ሲሠራ፣ በበዓል መጥተሽ አይተሻል። ኋላ ላይ ክኒኑ እጄን አንቀጠቀጠው አለ። እጁ የሚንቀጠቀጥ በያጅ ማን ያሠራዋል? ለእኔ ሳይነግር ተወው። ከዚያ ቤት ውስጥ መብላት አቆመ። ወጡን ያሸተውና ይገፋዋል። «ምን ጨመርሽበት?» ይለኛል። «ጨው» እለዋለሁ። ቀልድ አድርጌው ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ኮሪደር ላይ በርበሬ ስወቅጥ ከኋላዬ መጣና ዘነዘናውን ያዘው። ሊያግዘኝ መስሎኝ ለቀቅኩለት። በዚያው ክንዴን መታኝ። ሕመሙ ሳይሰማኝ በፊት የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ዘኪያ እየጮኸች ደረጃውን ወጣች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ቀናው ዘነዘናውን እንደያዘ ቆሞ «ማነው የመታት?» ብሎ ጠየቀ። ሰው የሚያላግጥ መሰለው። አንዱ በጥፊ መታው፣ ሌላው ለፖሊስ ደወለ። እኔ ግን ፊቱን አይቻለሁ እትዬ። የምር ነበር የሚጠይቀው።

ፖሊስ ወሰደው፤ ከፖሊስ ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያ ቆይቶ ክኒኑ ተለውጦለት ወጣ። አዲሱ ክኒን እጁን አያንቀጠቅጠውም። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ስለሆነ በዘበኛው ክፍል አስተኛው፤ «እስከ የካቲት መጨረሻ ግን ነው፣ ከዚያ በኋላ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሐኪሙ ደግሞ ብቻውን እንዳይኖር፣ ክኒኑን የሚያይለት ሰው እንዳይታጣ አዘዘ። አንቺ በዚያ ጉልበትሽ በሁለት ክፍል ቤት ልትወስጂው እንደማትችይ አውቃለሁ፤ ይህን ስጽፍ ልወቅስሽ አይደለም። የቀረው የእኔ ቤት ነው፣ ወይም እስር ቤት። ፋብሪካ ስሄድ ሚኒባሱ በቃሊቲ በኩል ሲያልፍ፣ ለእስረኛ ምግብ ይዘው የሚሰለፉትን ሴቶች አያለሁ። እነሱ መሃል መቆም አልፈልግም። ከርኅራኄ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ አቅሙም የለኝ።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እሱም ታማሚ ነው። እርቅ ካወረዳችሁና ማረጋገጫው ከደረሰኝ መዝገቡን ላልከፍተው እችላለሁ። ካልደረሰኝ ግን ክስ እመሠርታለሁ» አለኝና ቀናውን ወደምትከታተለው የጤና ጣቢያ ባለሙያ መራን። እምነት ትባላለች። ዕድሜዋ ከሊዲያ ብዙም አይበልጥም። ከክትባት ክፍሉ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ሰው ታማክራለች። ሕፃናቱ ሲወጉ ጩኸታቸው ይሰማል፤ እሷም እስኪያልፍ ጠብቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

እምነት ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ፦ «ጥፋተኛውን ለመቅጣት የሚፈልግ ፍትሕ አለ፤ የተሰበረውን ለመጠገን የሚፈልግም አለ። እኔ የማዘጋጃችሁ ለሁለተኛው ነው።» እኔም «አጥንቱ ተጠግኗል እኮ» አልኳት። «እሱን ጄሶው ሠርቶታል፣ እትዬ ድንቅነሽ» ብላ ሳቀች። ከዚያ የሆነውን እኔ እንደምናገር፣ እሱ እንደሚሰማኝ፣ እሱም እንደሚናገር፣ በመጨረሻ አብሮ መኖር ይቻል እንደሆነ እንደምንመካከር ነገረችኝ። «ይቅርታ ካልመጣ አይምጣ። ማንም አያስገድድሽም» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ግን አልገባኝም። ካልታረቅን ምን ልናደርግ እንቀመጣለን? ከታረቅን ደግሞ ምን የሚወራ ይቀራል? ይህን ብጠይቃት «እሱን አብረን እናየዋለን» አለች። እሷም ገና እያየችው መሰለኝ።

ከእሱ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። የመታኝ ጊዜ ምን እንዳየ፣ እኔን ማን እንዳደረገኝ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ አልኳት። እሱ ግን ምንም አላስታውስም ብሏታል። «ላያስታውስ ይችላል፤ ይህን መልስ ባትጠብቂ ይሻላል» አለችኝ። ግማሽ ልቤ አመናት። ሌላው ግማሽ፣ ሰው የእህቱን አጥንት ሰብሮ እንዴት ይረሳል ይላል። እንዲህ ሆኜ ነው ወደ እርቁ የሄድኩት።

ወረዳው ሽማግሌ ያልተቀመጠበት እርቅ አይመዘገብም ስላለ ሁለት ሽማግሌዎች ተመረጡ። አንዱ ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው፤ ከአባባ ጋር ምድር ባቡር የሠሩት። ሌላው አቶ መገርሳ፣ ይህ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ እዚሁ አገር የነበሩ፣ ለሠርግም ለደምም የሚጠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እምነት ለሁለቱም ቤታቸው ድረስ ሄዳ ነገሩን አስረዳቻቸው። ሁለቱም «ገባን፣ ልጄ» አሏት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ አዳራሽ ተገናኘን። እምነት ቀድማን መጥታ ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደርድራ ነበር። ጋሽ ወልደገብርኤል ገቡና ቆመው አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ልታጫውቺን ነው?» አሏት። ወንበሮቹን እንደ ወጉ ግራና ቀኝ አድርገው መለሷቸው። ልትናገር ስትል «ወረቀቱ አንቺ ዘንድ ነው፣ ሽበቱ ግን እኛ ዘንድ ነው። ትንሽ ዐረፍ በይ» ብለው በሩ አጠገብ አስቀመጧት። አቶ መገርሳ ሳቁ፤ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝና ሳቅሁ። ከዚያ እንደሚደረገው እኔንና ቀናውን ለየብቻ ገለል አደረጉን።

አቶ መገርሳ ከቀናው ጋር ሲቀሩ፣ ጋሽ ወልደገብርኤል እኔን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር ወሰዱኝ። በልቤ ያለውን ነገርኳቸው። ምን እንዳየ ይንገረኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን፣ ይቅርታ ገና ከአፌ አልወጣም አልኩ። «መልካም» ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ድንቄ፣ ወንድምሽ ሁሉንም አስታውሷል። ዘነዘናውን፣ ክንድሽን፣ ጩኸትሽን። እንደ ልጅ ያለቅሳል። እግሯ ላይ ልውደቅ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይበልሽ?» አሉኝ። እትዬ፣ ለወራት ጨብጬው የነበረው ነገር ከእጄ ሲወድቅ ተሰማኝ። ወደ አዳራሹ ተመልሼ ይግባ አልኩ።

ቀናው አንገቱን ደፍቶ ገባና እግሬ ላይ ወደቀ። በደህናው እጄ አነሣሁት። «ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ» አልኩ። አቶ መገርሳ እርጥብ ሣር ይዘው በኦሮምኛም በአማርኛም መረቁን፤ አሜን አልን። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ጋሽ ወልደገብርኤል እዚያው ሆነው ለአንቺ ደወሉልሽ፤ እልልታሽን ከስልኩ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። እምነት ብቻ ዳቦውን ሳትቀምስ ይዛው ተቀመጠች።

ማክሰኞ ሁለታችንንም ክፍሏ ጠራችን። ቀናውን «እሁድ ለእህትህ ምን አልካት?» አለችው። «ምንም። ወደቅሁ፣ አነሣችኝ» አላት። «ያስታወስከውን አልነገርካትም?» ስትለው ግራ ተጋብቶ አያት። «ምን አስታወስኩ? አቶ መገርሳን ነግሬያቸዋለሁ እኮ። ምንም አላስታውስም፣ ያላስታወስኩትን አጠፋሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል አልኳቸው። እሳቸው ግን 'ተወው፣ እህትህ ዱሮ ይቅር ብላሃለች፤ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ መምጣትህን ብቻ ነው የምትጠብቀው' አሉኝ። እንዲህ ካለች ብዬ ገባሁ» አላት።

እኔ እትዬ፣ ያን ሌሊት አላለቀስኩም። ቅዳሜ ማታ ራሴን ታጥቤ በጊዜ ነበር የተኛሁት። ለማንም ይቅር ብዬዋለሁ አላልኩም። ይህንኑ ተናገርኩ። ጋሽ ወልደገብርኤል የነገሩኝንም ተናገርኩ። ከጎን ባለው ክፍል ሕፃን እየጮኸ ነበር። ጩኸቱ ሲያቆም ቀናው «እኔ ስታለቅስ ካደረች እህት ጋር ታረቅኩ፤ አንቺ ሁሉን ካስታወሰ ወንድም ጋር ታረቅሽ። እኛስ የት ነበርን?» አለኝ። ልሳቅ ወይስ ልናደድ አላወቅሁም። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ የተስተካከለ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ከእምነት ጋር ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ወልደገብርኤል ተቆጡ። «ስንት ዘመን ሰው አስታርቄያለሁ። አንዱ ስለ ሌላው በእውነት ያለውን ተሸክሜ ባመላልስ ኖሮ በዚህ አቃቂ ማን ከማን ይታረቅ ነበር? እኔ ክፉውን አስቀርቼ ደጉን ነው የማደርሰው። አባትሽም ይህን ያውቅ ነበር» አሉኝ። እምነት በትሕትና «አባቴ፣ እሷ እኮ ያላለውን ሰምታ ነው ይቅር ያለችው» አለቻቸው። አቶ መገርሳ በዚህ ጊዜ ገቡበት። «ስንናገረው ውሸት ነበር፣ አልክድሽም። እሷ ስታነሣው ግን እውነት ሆነ። ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ ቀረ?» አሏት። እውነቴን ነው፣ ሲያነሡኝና ሲጥሉኝ ለሁሉም «ልክ ነው» እል ነበር።

እምነት ግን «ቀናው የት ነው የሚያድረው? ከታረቁ በኋላ አንድ ጣራ ሥር ሊያድሩ እኮ ነው» አለቻቸው። አቶ መገርሳ እሁድ ሣር የያዙበትን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እሱንስ አላሰብነውም። እኛ የምናስታርቀው ሰው ታርቆ ወደየቤቱ ነው የሚሄደው። በዓመት አንዴ ለቅሶ ላይ ይገናኛል። ለዚያ ይህች ውሸት ትበቃለች» አሉ። ጋሽ ወልደገብርኤል ለዚህም አልተሸነፉም፤ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ብትደውይላቸው አትውቀሻቸው፤ ያደረጉት ለእኔ ብለው ነው። የከፋኝም ለዚሁ ነው፤ በማን ልናደድ?

ከዚያ ያለው ቀን ሁሉ ግራ መጋባት ነበር። እምነት «አንቺ አዎ ካላልሽኝ ታርቀዋል ብዬ አልጽፍም» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ እኔው ላይ ወደቀ። ፋብሪካ ማሽኔ ላይ ቆሜ ክሩ ሲጠመጠም እያየሁ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ? አፌ ብሏል። እጄም አንሥቶታል። ግን ያነሣሁት ሁሉን አስታውሶ የሚያለቅሰውን ሰው ነው። ያ ሰው የለም። ያለው የማያስታውሰው ነው። እሱን ደግሞ ማንም ይቅር በይው አላለኝም። አንድ ጊዜ ታዲያ ላላስታወሰው ነገር ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ እላለሁ፤ ሌላ ጊዜ ካላስታወሰው ነገም ሳያውቀው ይመታኛል እላለሁ። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል። ክር ተበጥሶብኝ ሳላየው ቀርቼ አለቃዬ ጮኸብኝ።

ዘኪያን ጠየቅኋት። ስኳር እየመዘነች «ሸሆቹ ሰው ለማስታረቅ የተዋሸ ውሸት ኃጢአት ሆኖ አይጻፍም ይሉናል» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲል «የተዋሸላት ሴትዮ ማታ እንዴት እንደምትተኛ ግን አልነገሩንም» ብላ ስኳሩን አቀበለችኝ። ዘኪያ እንዲህ ናት፤ ሰጥታ ትነሣሻለች። እኔም ከሱቋ የወጣሁት እንደገባሁት ሆኜ ነው።

የካቲት ሊያልቅ ሲል የብየዳ ቤቱ ባለቤት ደወለልኝ። እምነት ለመጨረሻ ጊዜ እንገናኝ አለች፤ ሽማግሌ የለም፣ ሦስታችን ብቻ። ምን እንደምናገር መንገዱን ሁሉ ሳጠና ሄድኩ። ከገባሁ በኋላ ሁሉም ጠፋኝ። ቀናው ቀደመኝ። «ድንቄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ እንዳትይኝ። ብትዪኝም አላምንሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ዛሬ ልምጣ ብልሽ፣ የመጀመሪያው ማታ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ።

አፈርኩ እትዬ። ሽማግሌ ፊት ቢሆን ኖሮ «ምን አደርጋለሁ፣ ወንድሜ አይደለህ» እል ነበር። እምነትን አየኋት፤ ጠረጴዛዋን ነው የምታየው። ስለዚህ እውነቱን ተናገርኩ። «ዘነዘናውን ዘኪያ ዘንድ አስቀምጣለሁ። ቢላዋዎቹንም። ክኒንህን እኔ እያየሁህ ነው የምትውጠው፤ ምላስህን አንሥተህ ታሳየኛለህ። ወጡን ፊትህ ቀድሜ እቀምስልሃለሁ። ያም ሆኖ ካሸተትከው አልለምንህም፣ ለእምነት እደውላለሁ። ከዚያ መኝታ ቤቴ ገብቼ ከውስጥ እቆልፋለሁ» አልኩት። ያን ሁሉ እያሰብኩ እንደኖርኩ እኔም የሰማሁት ያኔ ነው።

ቀናው የበር ልክ እንደሚወስድ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። «ደህና። እንደዚያ ከሆነ እመጣለሁ» አለ። ቀጥሎም «እሁድ የታረቀችኝ ሴትዮ ቤት ግን አልመጣም ነበር። ፈርቻት ነበር። በዘነዘና መትቻት ዘነዘናውን እፊቴ ትታ የምትተኛ ሰው ምን እንደምታስብ አይታወቅም» አለኝ። እምነት ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ሳቅሁ፤ እሱም። ከታኅሣሥ ወዲህ ከቀናው ጋር ስስቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እሱስ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። «ያ ድምፅ ሲመጣብኝ እነግርሻለሁ። አንቺ ግን 'የምን ድምፅ?' አትበይኝ። 'ምን አለህ?' በይኝ» አለ። ይህን ያህል ብቻ። እምነት የተባባልነውን ጻፈችና ከላይ ምን የሚል ርእስ እንደምትሰጠው አሰበች። እርቅ ልትል ፈራች፤ እርቅ አይደለም ልትልም ፈራች። በመጨረሻ አብረው በሚኖሩበት ሁኔታ ተስማምተዋል ብላ ላከችው። ዐቃቤ ሕጉ ደውሎ «ታዲያ ታርቀዋል ወይስ አልታረቁም?» ቢላት «አብረው ይኖራሉ» አለችው። ክረምት እስኪገባ አያለሁ ብሎ መዝገቡን አስቀምጦታል። ይዝጋው ይክፈተው ገና አይታወቅም።

እንግዲህ እህቴ፣ የምለምንሽ ይህን ነው። ለፋሲካ በግ ይዤ መጥቼ እርቃችሁን እደግሳለሁ ብለሽኛል። ነይ፤ በግሽንም ይዘሽ ነይ፤ ግን የፋሲካ በግ ይሁን። ቀናውን አቅፈሽ «እንኳን ታረቃችሁ» አትበይው። ይረበሻል፤ እኔም እረበሻለሁ። ጎረቤት ጠርተሽም እልል አትበይ። ክኒኑን ስለመውሰዱ ጠይቂው፣ ስለ ሥራው ጠይቂው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ብየዳ ቤቱ ይሄዳል። አቶ መገርሳ ባለፈው መጥተው ነበር። አልመረቁንም፣ አልመከሩንም። ሳሎን ተቀምጠው «እንዴት ታድራላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ቀናው ነገራቸው። ሰምተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ውኃ ጠጥተው ሄዱ።

እኔም እንዴት እንደምናድር ልንገርሽና ላብቃ። እሱ ሳሎን ነው የሚተኛው። የመጀመሪያዎቹን ማታዎች ስቆልፍ ድምፁ እንዳይሰማው ቁልፉን በጣም ቀስ አድርጌ አዞረው ነበር። አንድ ማታ ከሳሎን «ቆለፍሽ?» አለኝ። ደነገጥኩ። «ቆለፍኩ» አልኩት። «በይ ደህና እደሪ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየማታው ይጠይቀኛል። ትናንት ከፋብሪካ ደክሞኝ መጥቼ ሳልቆልፍ አልጋዬ ላይ ወድቄ ነበር። «ድንቄ፣ አልሰማሁም፤ ቆለፍሽ?» አለ። ተነሥቼ ቆለፍኩ። እንዲሰማው ድምፅ አሰምቼ ነው ያዞርኩት። «ደህና እደሪ» አለኝ፣ እኔም «ደህና እደር» አልኩት። ይህ ስሙ ምን እንደሆነ ካወቅሽ ጻፊልኝ። እኔ አላወቅሁትም።

ጋሽ ፀሐዩን እጅ ነሥታሃለች በይልኝ፤ ዓይኑን እንዳያሽ። አቢን ጎበዝ፣ ፈተናው ቢከብድም አትደንግጥ በይው። ሊዲያን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሳሉ ካልተዋት ራጅ ትነሣ። ለጎረቤትሽም ለወይዘሮ ፈርዶሳ፣ ለእጄ የላኩልኝ ሽቱ ቅባት ደርሶኛል በያቸው። ዘኪያ ሰላም ብላሻለች። ቀናው አጠገቤ ተቀምጧል፤ ስለ አንተ ምን ልበላት ብለው «ደህና ነው ብለሽ አትጻፊ። ክኒኑን ይውጣል ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ይውጣል።

እህትሽ ድንቅነሽ
አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም
መጋቢት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.